ጋሽ ሙዘይን እና ውሃ የሚጠጣው ኮምፒውተር

እትዬ ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ፈቲያ ነበረች፤ እኔ እሠራበት ከነበረው ከጋሽ ሙዘይን ሱቅ ፊት ለፊት የቧንቧ ዕቃ የምትሸጠው። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው በመስኮቱ በኩል ናቸው። እኔ ጉልበቴ መሬት መቀመጥ ስለማይችል ዱካ ተሰጥቶኝ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። የጥንት ደንበኛችን ኤርሚያስ ብቻ እትዬ ዘይነባን ያጽናዎት ለማለት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆሟል። የእትዬ ዘይነባ ባለቤት ጋሽ ሙዘይን ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ሰው ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ እንደሚያወራው ኤርሚያስም ማውራት ጀመረ።

"በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ ነው የተሳሳቱት" አለ። "እሱም በኔ ደረሰ። ያልታጠበ የጎማ ቱቦ ታጥቧል ብለው ሸጡልኝና ኮምፒውተሬን ደፈኑት። ግን እትዬ ዘይነባ፣ እንደሳቸው ጥፋቱን ሳያንገራግር የተቀበለ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አላየሁም።"

"ሙዘይን ነው ያላጠበው?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"እኔ ምስክር ነኝ" አለች ፈቲያ። "ዓመት ሙሉ ቀልጄባቸዋለሁ።"

ልጆቹ በእንባቸው መሃል ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበረ እዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳልናገረው ደግሞ ብዙ ዓመት አልፏል።

ጋሽ ሙዘይን ሱቅ የገባሁት ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ስለ ንግድ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ሴንቲ ሜትርና ኢንች ለይተሽ ታነቢያለሽ?"

"አነባለሁ።"

መቁረጫውን ሰጡኝ። ቅጥር ማለት ያ ነበር።

ሱቁ ከራጉኤል ብዙ በማይርቅ ቅያስ ውስጥ ነው። ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው ደጅ ይቀራል። ከወለል እስከ ጣሪያ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ቱቦ ነው የሞላው፤ የአትክልት ማጠጫ፣ የመኪና፣ የጋዝ፣ ለምን እንደሚሆን እኔ ጨርሶ የማላውቀውም ብዙ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት የጎማው ሽታ ቀድሞ ይወጣል። አሁንም አልፎ አልፎ መኪና ዕቃ መሸጫ አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ ሲደርሰኝ ቆም እላለሁ።

በቅያሱ ውስጥ ሌሎችም ቱቦ ሻጮች ነበሩ። ሰው መጥቶ "ሦስት ሜትር ቁረጥልኝ" ሲላቸው ይቆርጣሉ። ጋሽ ሙዘይን ግን ቱቦውን ከማውረዳቸው በፊት "ምን ያልፍበታል?" ብለው ይጠይቁ ነበር።

አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። አንድ ሾፌር አንድ ቀን "ምን አገባዎት ፋዘር፣ ቆርጠው አይሰጡኝም?" አላቸው።

"ቤንዚን ከሆነ ይሄ አይሆንህም። በሁለት ወር ደርቆ ይሰነጠቃል። ውሃ ከሆነ አሁኑኑ እቆርጥልሃለሁ።"

"ቤንዚን ነው" አለ ሾፌሩ ድምፁን ቀንሶ።

"እሱ እኔ ጋ የለም። ከፈቲያ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ጋ ታገኛለህ።"

እንዲህ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሲልኩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። "አይሆንህም" ሲሉ ግን ሰውየውን በሚያስቀይም አነጋገር አይደለም። ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው በቀስታ ነበር።

አዲስ ጥቅል ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። ከዚያ ጫፉን በሦስት ጣታቸው ዙሪያ ያጥፉታል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው እኔን በሌላው ጫፍ እንድነፋ ያዙኛል። ምን እንደሚሰሙ ነግረውኝ አያውቁም። ለያንዳንዱ ዓይነት ግን ጠባይ አውጥተውለት ነበር። ሲታጠፍ ተሰብሮ መተላለፊያው የሚዘጋውን "አኩራፊ" ይሉታል። ሙቀት ሲነካው የሚያልበውን "ሆደ ባሻ" ይሉታል። እኔም ለምጄ ደንበኛ ፊት "ይሄ አኩራፊ ነው፣ አይውሰዱት" ስል ሰው ግራ ተጋብቶ ያየኝ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ወደ አንዋር ይሄዳሉ፤ ሱቁ የኔ ነው። በራጉኤል ንግሥ ቀን እኔ እሄዳለሁ፤ ሱቁ የሳቸው ነው። በረመዳን ምሳዬን ፊታቸው መብላት ነውር ስለመሰለኝ ከተደረደረው ጥቅል ጀርባ ተሸሽጌ እበላ ነበር። በሦስተኛው ቀን መሰለኝ ሳያዩኝ ተናገሩ።

"አስካለ፣ እዚያ ኋላ አትብዪ። ወጡ ጎማ ጎማ ይልብሻል።"

ኤርሚያስ የመጣው ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ በየመንገዱ ፎቅ የሚጀመርበት ጊዜ ነበር። ሥራው ያልተሠራ ሕንፃ የተሠራ አስመስሎ በኮምፒውተር መሳል ነበር። መስታወቱ ሲያበራ፣ ዛፉ ሲያድግ፣ ሰዉ በደጁ ሲያልፍ አድርጎ ይስለዋል፤ ባለ ገንዘቡም ያንን አይቶ ይስማማል። ኮምፒውተሩ ግን ሥራው ሲበዛበት ግሎ በመሃል ይጠፋበት ነበር።

"ጋሼ፣ ለኮምፒውተር የሚሆን ቱቦ ይኖራል?" አለ።

"ምን ያልፍበታል?"

"ውሃ።"

ጋሽ ሙዘይን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ኮምፒውተር ውሃ ይጠጣል እንዴ?"

ፈቲያ ከፊት ለፊት ሰማች። "ጋሽ ሙዘይን፣ ቆጣሪም አስገቡለት እንጂ! ለሱ ውሃ የሚመጣለት ከሆነ ለኛም ይቀጥሉልን፣ ሳምንታችን ከጠፋ!"

"አይቀልዱብኝ ፋዘር" አለ ኤርሚያስ እየሳቀ። "መኪና ራዲያተር የለውም? ይሄም እንደዚያው ነው። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፣ ውሃው የኮምፒውተሩን አንጎል ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይገባል። ዕቃውን የአጎቴ ልጅ ከውጭ ልኮልኛል። አብሮት የመጣው ቱቦ ግን አጠረብኝ።"

"እንዲህ በለኛ" አሉ ጋሽ ሙዘይን፤ ወንበር ሳቡለት።

ኤርሚያስ የፈለገው ያንን እንደ መስታወት የሚያሳየውን ቱቦ ነበር። ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ሊጨምርበት አስቧል። ደንበኛ ቢሮው ሲገባ ሰማያዊው ውሃ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሲዞር እንዲያይ ነው። ጋሽ ሙዘይን መልስ ሳይሰጡ ቱቦው የሚገጠምበትን ዕቃ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ከቦርሳው የክብሪት ቀፎ የሚያህል መዳብ አውጥቶ ሰጣቸው። ሽፋኑን ሲከፍተው ውስጡ ፀጉር በሚያካክሉ ቀጫጭን ሽንትሮች የተሞላ ነው፤ ውሃው በነዚያ መሃል ነው የሚያልፈው።

"ይሄማ ወንፊት ነው" አሉ ለረጅም ጊዜ አይተው። "ልጄ፣ በዚህ የሚያልፍ ውሃ ምንም ይዞ መምጣት የለበትም።"

ከዚያ ሦስት ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ አወጡ። ከሚያሳየው ቱቦ አንድ ቁራጭ፣ በውስጡ ክር ካለው የአትክልት ማጠጫ አንድ ቁራጭ፣ ለመኪና ከሚሆነው ወፍራም ጥቁር ጎማ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ለየብቻ ጨመሩ። ከፔርሙዙ የፈላ ውሃ ሞሉባቸው።

"ለሳምንት በየጠዋቱ ሙቅ ውሃ እቀይርላቸዋለሁ። ያኔ ና።"

"ሳምንት? ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ነው የምፈልገው።"

"ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንዲያገለግልህ ትፈልጋለህ?"

"እስኪያረጅ።"

"ታዲያ ሳምንት ምን አላት።"

ኤርሚያስ በሳምንቱ መጣ። የሚያሳየው ቱቦ ያለበት ውሃ ወተት ጠብ እንዳለበት ደፍርሷል፤ ቱቦውም ራሱ ጉም ለብሷል። ጋሽ ሙዘይን ጣታቸውን ነክረው አውራ ጣታቸው ላይ አሹት። "ቅባት ነው። ይሄ ቱቦ የለሰለሰው በቅባት ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይተፋዋል። ወንፊትህ በስድስት ወር ይደፈናል። ሆደ ባሻ ነው።" ክር ያለው ውሃውን አላበላሸም፤ ሦስት ጣታቸው ላይ ሲያጥፉት ግን ተሰበረ። "አኩራፊ። ኮምፒውተር ውስጥ መታጠፊያ አይበዛም?" ጥቁሩ ጎማ ያለበት ውሃ እንደገባ ነው።

"ጥቁር ከሆነ ግን ምኑ ይታያል?" አለ ኤርሚያስ።

"ኮምፒውተሩ እንዲሠራልህ ነው ወይስ እንዲጎበኝልህ?"

ፈቲያ ከማዶ አጨበጨበች። ኤርሚያስም ተሸነፈ። ልኩንም አብረው መረጡ፤ ከመዳቡ አፍ ትንሽ ጠበብ የሚለውን። ሰፋ ያለ ቱቦ በብረት ማሰሪያ ቢታሰርም ጋሽ ሙዘይን አያምኑትም ነበር፤ በግድ የሚገባ ነው የሚይዝ ይላሉ። ኤርሚያስ ሰኞ የሚያስረክበው ትልቅ ሥራ ስለነበረው ዓርብ መጥቶ ሊወስድ ተቀጣጠሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጥቁር ጎማ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የመርካቶ ሙቀት ጎማን ከጎማ ያጣብቃል። ስለዚህ ቱቦ ሻጩ ሁሉ ጥቁር ጎማ ሲያስቀምጥ ውስጡንም ውጩንም ነጭ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ለሕፃን ገላ የሚቀባ ዓይነት ዱቄት ነው። ለመኪና ሲሸጥ ማንም አያጥበውም፤ ምንም ሆኖ አያውቅም። ለብርጭቆው የቆረጡትን ግን ጋሽ ሙዘይን አጥበው ነበር የጨመሩት።

ዓርብ ጋሽ ሙዘይን ለሶላት ሲወጡ የኤርሚያስን ጎማ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

"አስካለ፣ ይሄን ሦስት ጊዜ እጠቢው፤ የመጨረሻውን በፈላ ውሃ። የዚህ ልጅ ዕቃ ወንፊት ነው።"

"እሺ" አልኳቸው።

ውሃ እንደገና ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከበሩ ጀርባ ያለውን ቢጫ ጀሪካን ሳነሣው ከሥሩ ትንሽ ቀርታለች። እሷም ተመልሰው ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት የሚታጠቡባት፣ ውዱ የሚያደርጉባት ናት። ጀሪካኑን መልሼ አስቀመጥኩት። የሳቸውን የጸሎት ውሃ ለጎማ ማፍሰስ እጄ እሺ አላለኝም። ሽቦ ላይ ጨርቅ አስሬ በጎማው ውስጥ ደጋግሜ ጎተትኩ፤ ነፋሁት፤ ወደ ብርሃን አድርጌ አየሁት። ንጹሕ መሰለኝ። በዚህ መሃል ኤርሚያስ እየተጣደፈ ደረሰ፤ ታክሲ አስቁሞ ነው የመጣው።

"እትዬ፣ ታጥቧል?"

"ታጥቧል" አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። "እስኪመለሱ ጠብቅ" ማለት እችል ነበር። ፈቲያን ውሃ መጠየቅ እችል ነበር። ዓመታት ሳይታጠብ የተሸጠ ጎማ ማንንም ስላልጎዳ ይሆናል። ይህን ግን እንደ ማመካኛ አላቀርበውም።

ጋሽ ሙዘይን ሲመለሱ "ልጁ መጣ?" አሉኝ።

"መጥቶ ወስዷል።"

"አጥበሽዋል?" አላሉኝም። ያዘዙኝን መሥራቴን ጠይቀው አያውቁም። በዚያች ውሃ ውዱ አደረጉ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የኤርሚያስ ድምፅ ከቅያሱ መግቢያ ጀምሮ ይሰማ ነበር። መዳቡን በፌስታል ይዞ መጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። በሽንትሮቹ መሃል ነጭ ነገር እንደ ሊጥ ተጋግሯል።

"ይዩት! እሑድ ሲሠራ ዋለ፣ ማታ ጋለና ጠፋ! ሰኞ የማስረክበው ሥራ ሄደ! ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ ሲያስጠብቁኝ ከርመው ዱቄት አጠጡት!"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ፈቲያ ከሱቋ ወጣች። አንድ ተሸካሚ ጭነቱን አውርዶ ቆመ።

"ታጥቧል ብለውኝ ነበር እኮ!" አለ ኤርሚያስ፤ በጣቱ እኔን አመለከተ።

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። በዚያን ጊዜ ሁለት ልጆቼ ትምህርት ላይ ነበሩ። ዋሽታ ሸጠች የተባለች ሴት ደግሞ በዚያ ቅያስ ሌላ ባንኮኒ አትቆምም።

ጋሽ ሙዘይን መዳቡን አንሥተው አዩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጀሪካን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

"ታጥቧል ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ። "እሷ የነገርኳትን ነው የነገረችህ። የታጠበው ሌላ ነበር፣ አምታትቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።"

ኤርሚያስ ቁጣው በአንዴ በረደ። ሽማግሌ ሰው ይቅር በለኝ ሲለው ምን ያድርግ።

"እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ ጋሽ ሙዘይን?" አለች ፈቲያ።

"ሰው አይደለሁም?"

ስለሚጠራጠሩት ዕቃ "ጥሩ ነው" ብለው የማያውቁ ሰው፣ በቅያሱ ሁሉ ፊት ለኔ ዋሹ።

በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጉ። ከፈቲያ ውሃ ለምነው አፈሉ፤ አዲስ ጎማ ቆርጠው በእጃቸው ሦስት ጊዜ አጠቡት። "አስካለ፣ ፔርሙዙን ያዢ" አሉኝና ኤርሚያስ ቢሮ ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መዳቡን በጥርስ ብሩሽና በኮምጣጤ ሽንትር በሽንትር አጸዱት። ጎማውን ገጥመው ከያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፉ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ብቻ ውሃውን እንዲያዞር አደረጉ፤ ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ ብትታይ ያኔውኑ እንዲታወቅ። ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። በመሃል መብራት ሄዶ መጣ። በየጊዜው እየተነሡ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ይዳስሱ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ኤርሚያስ አንድ ሥዕል አሳያቸው።

"ይሄ ፎቅ የት ነው?"

"ገና አልተሠራም ጋሼ።"

"ሰዎቹ ግን ገብተውበታል!" ጠጋ ብለው አዩ። "ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አልሳልክም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ውሃ ከየት ሊያገኙ ነው?"

ኤርሚያስ እየሳቀ ታንከር ሳለ። ከዚያ ወዲህ በሚሠራው ሁሉ ላይ ታንከር አይረሳም። ያመለጠው ደንበኛ ግን አልተመለሰም።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቀደሙኝ።

"ውሃ አልቆ ነበር?"

"የቀረችው የእርስዎ የውዱ ነበረች።"

ጥቂት ተራመዱ። "ውሃ ከታጣ ውዱ በአፈር ይደረጋል፤ ሃይማኖታችን ይፈቅዳል" አሉ። "ጎማ ግን በአፈር አይታጠብም።"

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንሥተውብኝ አያውቁም። በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ ስገባ ከበሩ ጀርባ ሁለት ጀሪካን ነበር።

ወሬው ግን ቅያሱን አልለቀቀም። "የሙዘይን ዱቄት" የሚል ቀልድ ወጣ። አንዳንዱ ደንበኛ ለወራት ጎረቤት ሱቅ ሄደ። የሚመጣውም "ዘንድሮስ ታጥባላችሁ?" ይላቸዋል። "ዘንድሮ አጥባለሁ" ይሉ ነበር ረጋ ብለው። እኔ በዚያን ጊዜ ሁሉ መቁረጫውን ይዤ አጠገባቸው ነኝ። ኤርሚያስ ወዳጅ ሆነ፤ በየዒዱ ይመጣ ነበር። በመጣ ቁጥር ያንን ስህተት በፍቅር ያነሣዋል፤ ጋሽ ሙዘይንም አብረውት ይስቃሉ።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሥራውን ተውኩ። መታመማቸውን ስሰማ አንድ ቀን ስለዚያ ጎማ ላነሣባቸው፣ ይልቁንም እውነቱን በሰው ፊት እንድናገር ፈቃድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶት ነበር። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። "አስካለ፣ መቁረጫው ማን ጋ ነው?" አሉኝ። "ሱቁን የያዘው ልጅዎ ጋ ነው" አልኳቸው። ጥቂት ተቀምጬ ወጣሁ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

እንግዲህ በዚያ በሦስተኛው ቀን ኤርሚያስ ደፉ ላይ ቆሞ የጋሽ ሙዘይንን ስህተት ለልጆቻቸው ሲያወርስ እኔ ከዱካው ተነሣሁ።

"ኤርሚያስ" አልኩት። "እንዳጥበው አዘውኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ብለው። ያላጠብኩት እኔ ነኝ። ታጥቧል ያልኩህም እያወቅሁ ነው። እሳቸው ምንም አልተሳሳቱም።"

ፈቲያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እትዬ፣ ያ እኮ ስንት ዘመኑ..." ብሎ ጀመረ ኤርሚያስ፤ አልጨረሰውም።

እትዬ ዘይነባ ትክ ብለው አዩኝ። ልጆቹም እናታቸውን አዩ።

"እኔም ገርሞኝ ነበር" አሉ እትዬ ዘይነባ በቀስታ።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጫማዬን ከተደረደሩት መሃል ፈልጌ አጠለቅሁ። ኤርሚያስ ከደፉ ላይ ዞር አለልኝ። ወጣሁ።